የታጠበው ሸሚዝ

አተት የሚሉት ተቅማጥና ትውከት አገሩን ባስጨነቀበት ክረምት፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘውገ ወደ ብልባላ የሚወስደውን መንገድ በሚሊሻ አስዘጋው። መዘጋቱን የጠላ አልነበረም፤ በአንድ ሳምንት ሰባት ሰው ተቀብሯል። ጣጣው የመጣው በሽታው ወለተ ሐና ቤት የገባ ዕለት ነው።

ልጇ ማኅሌት ጎሕ ሲቀድ ጀምሯት እስከ ረፋድ ዐይኗ ጎደጎደ፤ ከንፈሯ ኩበት መሰለ። ታላቅ ወንድሟ ይታገሱ ታቅፏት ብልባላ ወዳለው ጤና ጣቢያ ገሠገሠ። እናቱ ኋላ ኋላው ትሮጣለች። ኬላው ላይ ዘውገ ራሱ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል።

«ተመለስ!»

«እየሞተች እኮ ነው፣ ጋሼ ዘውገ!»

«ታዲያ ሌላውን ትጨርስ? ተመለስ ብያለሁ!»

ይታገሱ አንድ እርምጃ ሲጨምር በሰደፍ አፉን አለው። ማኅሌት ከእጁ ወደቀች። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ።

«አሁንስ ጠገብህ?» አለው ዘውገ።

ይታገሱ እኅቱን ከጭቃው አንሥቶ ገመዱን ዘለለና ሮጠ። ዘውገ ተኮሰ፤ ጥይቱ በጀርባው ገባ። ማኅሌት ላይ ተደፋባት።

ወለተ ሐና ስትደርስ የልጇ ጣቶች ጭቃውን ይቧጥጣሉ፤ ከሥሩ ማኅሌት ታቃስታለች። ሁለቱን መሸከም አትችልም። ወንዱን ገልብጣ ሴቷን ጎትታ አወጣችና አዝላት ሄደች። አሁን ማንም አላስቆማትም።

ማኅሌት በጉሉኮስ ተረፈች። በአምስተኛው ቀን ሲመለሱ ግን ይታገሱ ኖራ ተነስንሶበት ተቀብሯል፤ በቀበሌው መዝገብም «በአተት ሞተ» ተብሎ ተጽፏል። ለቅሶ መቀመጥ እንኳ ክልክል ነበር። የሟቹን ልብስ እንዲያቃጥል የታዘዘው ሚሊሻ ጋሻዬ በጓሮ በኩል ተደብቆ መጣ።

«እትዬ ወለተ ሐና፣ ሸሚዙን ለእሳት መስጠት እጄ እምቢ አለኝ። ከኔ አገኘሁት እንዳይሉ፤ ልጆች አሉኝ።»

ሸሚዙ ደም ደርቆበት፣ ጀርባው ላይ ተበስቷል። ወለተ ሐና ለማስረጃ ጎታ ውስጥ ሸሸገችው። ገና ላላገገመችው ማኅሌት ስለ ሸሚዙ አልነገረቻትም። ላሊበላ ሄዳ ዘውገን ከሰሰች።

በሽታው ጠፍቶ እገዳው ሲነሣ፣ ለቅሶው ለአርባው ተቀጠረ። በአገሩ ወግ የሟች ልብስ አደባባይ ይወጣል፤ በሱ ፊት እየተሞገሰ ይለቀሳል። እናቷ ለክሱ ቀጠሮ በሄደችበት ቀን ማኅሌት የወንድሟን ልብስ ስትፈልግ ሸሚዙን አገኘችው። በተቀደደና በቆሸሸ ልብስ እንዴት ሰው ፊት ታወጣዋለች? በእንዶድ ሦስቴ አጠበችው። ቀዳዳውንም ሰፋችው።

ወለተ ሐና ስትመለስ ሸሚዙ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነጭ ሆኗል።

«ምን አደረግሽ?»

«እማ፣ ሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ…»

በጥፊ አጮለቻት። ደገመቻት። ሦስተኛው ላይ እጇ ዛለ። አጥሩ ሥር ተቀምጠው አብረው አለቀሱ።

ፍርድ ቤት ዘውገ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «የሞተው በበሽታ ነው። ተኩሷል ቢባልስ? ሕዝብ ለማዳን ነው። መመሪያ ነበረኝ።»

«መመሪያውን አንብቤዋለሁ» አሉ ዳኛው። «መንገድ ዝጋ ይላል። ግደል አይልም።»

ጋሻዬ ለምስክርነት ተጠርቶ «አላየሁም» አለ። ሸሚዙ ሲወጣ ዘውገ ሳቀ። «ለጥምቀት ነው ያጠባችሁት?»

ዳኛው ወደ ወለተ ሐና ዞሩ። «እናቴ፣ የቀረን አስከሬኑ ነው። መቃብሩ ቢከፈት ምን ይላሉ?»

የተመለሰላትን ሸሚዝ አጣጥፋ ጉያዋ ከተተች። ኖራውን የነካ በሽታውን ያወጣዋል ብሎ መንደሩ አስቀድሞ ዝቶባታል። የንስሐ አባቷ አባ ኪዳን ሳይቀሩ «የልጅሽን ዐፅም አታንገላቺ» ብለዋታል። ካልተከፈተ ደግሞ ዘውገ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል፤ ይታገሱም እንደ ተጻፈበት ይቀራል።

«ይከፈት» አለች።

ሐኪሙና ፖሊሶቹ ዘውገን ይዘው ሲመጡ፣ መንደርተኛው ድንጋይ ይዞ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ዘጋ። የመጀመሪያው ድንጋይ የወለተ ሐናን ግንባር ፈነከተው። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ሰዉን አራቀ፤ የሚቆፍር ግን ጠፋ። ማኅሌት ዶማውን ከመሬት አነሣች።

«ማስረጃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔ እቆፍራለሁ።»

ኖራው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ዶማው ሲሰነጥቀው ሽታው ሰዉን ወደ ኋላ ገፋው፤ ማኅሌት አስመልሷት አፏን ጠርጋ ቀጠለች። ሐኪሙ አስከሬኑን ገልብጦ ጀርባው ላይ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ከአከርካሪው መሀል አንድ ነገር በጉጠት ጎትቶ ጣሳ ውስጥ ጣለ። ቀጭ አለ።

ሁሉም ሰማው። ዘውገ መሬት መሬት አየ።

ወለተ ሐና ሸሚዙን ከጉያዋ አወጣች። የማኅሌትን ስፌት በጥርሷ በጠሰችው። ግንባሯ የሚያንጠባጥበው ደም ነጩን ጨርቅ እያቀላው፣ ሸሚዙን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ዘውገ ፊት ዘረጋችው።

«ዘውገ፣ ቀና በል! ለቅሶ ከልክለኸኝ ነበር።»

በቀዳዳው በኩል እያየችው ሙሾዋን አወጣች። ድንጋይ የያዙት ሴቶች ድንጋያቸውን እየጣሉ ተቀበሏት።