የቧንቧ ሠራተኛው የኤሌክትሪክ ትምህርት

አባቷ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ለእሱ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ወይ ይፈሳል ወይ ተደፍኗል። ልጁ የሊፍት ጥገና ሥራ መግቢያ ፈተና ልትፈተን መሆኗን፣ ኤሌክትሮኒክስም እንዳለበት ሲሰማ፣ መጽሐፏን ነጥቆ ማቀዝቀዣው ላይ ሰቀለው።

«ይሄ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርግልሻል? ኤሌክትሪክ ማለት ውሃ ነው፣ አለቀ!»

አለቀ አለ እንጂ መቼ ያልቃል! ቁርሱን እየበላም፣ ጫማውን እያሰረም ያስተምራታል። ቮልቴጅ ጣሪያ ላይ ያለው የታንከር ግፊት ነው። ከረንት የሚፈሰው ውሃ። ሬዚስታንስ ዝገት የያዘው ቀጭን ቧንቧ። ዳዮድ ላይ ሲደርስማ ከመሣሪያ ሻንጣው ቫልቭ አወጣና «ንፊበት» አላት። ነፋች፤ አለፈ። «አዙሪና ንፊ።» ጉንጯ እስኪወጠር ብትነፋ እምቢ አለ።

«በአንድ ወገን ብቻ ያሳልፋል! ዳዮድ ይሄ ነው፤ ከዚህ በላይ ካሉሽ ውሸት ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ውሃ እንዳታስበላብኝ!» ትላለች እናቷ ከማዕድ ቤት።

ልጅቷ ግን እውነቱን ለመናገር ገብቷታል። ሥራውንም አጥብቃ ፈልጋዋለች፤ ከወደቀች ዕጣዋ ከአባቷ ጋር ማጠቢያ ሥር መግባት ነው። ይህን ከእሷ ይልቅ የሚፈራው አባትየው ነበር። ካደገች ወዲህ ሻንጣውን እንኳ አያሸክማትም። «ከነካሽው ይለምድሻል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጉልበቴ ስድህ ኖርኩ፤ አንቺ በሊፍት ትወጫለሽ» ይላታል። ድምፁ ይሰበርና አፍንጫውን ጠርጎ ወደ ታንከሩ ይመለሳል።

የፈተናው ቀን ፈታኙ፣ ፊቱ በመዶሻም የማይፈታ ሰው፣ ቮልቴጁንም ዳዮዱንም ጠየቃት። እንደ ውሃ ጠጥታው የለ፣ አንበለበለችው።

«መብራቱ እየበራ ሳለ ሽቦው ቢቆረጥስ?»

«ወለሉን ያጥለቀልቀዋል!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ተፈታኞች በሳቅ ፈረሱ። ፈታኙ አልሳቀም፤ ባትሪ፣ አምፖልና የተጠላለፈ ሽቦ ያለበት ሰሌዳ ገፋላት።

«አምፖሉ አልበራ ብሏል። ችግሩን ካገኘሽ ታልፊያለሽ፤ ካላገኘሽ ደህና ሁኚ።»

የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያው አፍንጫዋ ሥር ተቀምጧል። ማን አይቶት! ጭንቅላቷ ባዶ ሆኗል፤ የቀራት እጇ ብቻ ነው። እጇ ደግሞ በቤታቸው ማጠቢያ ሥር ከአባቷ ጎን ሆኖ ያደገ እጅ ነው። ጣቶቿን በሽቦው ሥር እየሰደደች ትዳብስ ጀመር፤ በየመሃሉም ጣቷን ገልበጥ አድርጋ ታያለች።

«ምን እየፈለግሽ ነው?»

«እርጥበት» አለችና ምላሷን ነከሰች።

ወይ ውርደት! ሳቁ እንደገና ፈነዳ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እጇን ግን አላነሳችም፤ ቀዩ ሽቦ መሃሉ ላይ ልፍስፍስ ብሎባታል። የላዩ ፕላስቲክ ደህና ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ከሁለት ወገን ይዛ ገፋ ስታደርገው አምፖሉ በራ። ስትለቀው ጠፋ።

ሳቁም ጠፋ።

«መለኪያውን ለምን አልተጠቀምሽም?» አለ ፈታኙ።

«አላየሁትም» አለች፣ እውነቷን።

ያ መዶሻ የማይፈታው ፊት በዚህ ጊዜ ተፈታ። «ሰኞ ሥራ ጀምሪ። መለኪያ እናሳይሻለን።»

አባቷ ሥራውን ጥሎ፣ ሻንጣውን ታቅፎ የፈተናው ቦታ በር ላይ ቆሟል። «አለፍኩ አባዬ!» ስትለው እንባው በአደባባይ ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው ግን አንገቱን ቀና አደረገ።

«ውሃ ነው አላልኩሽም?»

«ነው አባዬ። ግን ሲቆረጥ አይፈስም፤ ቀጥ ይላል።»

ወደ ቤት መሄድ የጀመረው አባቷ መንገድ መሃል ቆመ። «ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል?»

«ሰኞ ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለችና ሻንጣውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። አባቷ በልማዱ ሸሸግ ሊያደርገው ነበር። ከዚያ አሰበና ሰጣት፤ ከእንግዲህ አይለምዳትም።