ጃንጥላው ሲጠጋ

እናት ነፋሱን አላመነችውም። ቅጠል እንኳ በቅጡ የማያነቃንቅ ነፋስ ነበር። እሷ ግን ልጇ ጓሮ ውስጥ ያቆመችውን ባለ ሦስት እግር ብረት፣ አናቱ ላይ የታሰረውን ፍላሽና ብርሃን ማለስለሻውን ነጭ ጃንጥላ ስታይ የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ሁሉ ተገርስሶ ባሏ ራስ ላይ ሲወድቅ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች።

«እማዬ፣ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት አስሬበታለሁ እኮ።»

«ከረጢት ይፈታል። እኔ አልፈታም።»

ባልየው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ሳቀ። «ተያት ልጄ። ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለትም ታክሲው እንዳይገለበጥ በሩን ደግፋ ነው የመጣችው።»

ባልየው አናጢ ነው። ባለፈው ዓመት ደረቱ ተከፍቶ ልቡ ተጠግኗል። ልጅት ደግሞ ሠርግና ምርቃት እያነሳች የምትተዳደር ፎቶ አንሺ ናት። ዛሬ መሣሪያዋን ሁሉ ተሸክማ የመጣችው አባቷን ለማንሳት ነው፤ ፎቶው የሚሄድበት ቦታም የታወቀ ነበር።

እሱ የታከመበት ክፍል ኮሪደር ላይ፣ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ከሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ትይዩ፣ ፎቶ የተሰቀለበት ግድግዳ አለ። ድኖ የወጣ ሰው ሁሉ ዓመት ሲሞላው ፎቶውን ያመጣል፤ የክፍሉ አለቃ ሲስተር ትሰቅለዋለች። ባሏ ቀዶ ሕክምና በገባበት ቀን እናትን በእግሯ ያቆሟት እነዚያ ፊቶች ነበሩ። አንዱን ስታይ «ይቺ ከዳነች…»፣ ሌላውን ስታይ «ይሄም ከተነሳ…» እያለች ዋለች። አንድ ፎቶ ብቻ ነበር ያስፈራት። ግማሽ ፊቱ በርቶ ግማሹ የጠቆረ፣ ዓይኑ ጉድጓድ የገባ ሰው። «ይሄስ ለከርሞም አይደርስ» ብላ ፊቷን አዞረች። ዓይኗ ግን እየተመለሰ እሱኑ ያያል። እስከ ማታ ድረስ ያ ፊት ሲያስጨንቃት ዋለ።

አሁን ተራው የባሏ ነው። የረገፈው ሥጋው ገና አልተመለሰም፤ ጉንጩም እንደጎደጎደ ነው። ፎቶው ላይ ደህና ሆኖ ካልወጣ፣ እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሚስት እሱን አይታ ተስፋ ትቆርጣለች። ያ ግድግዳ ለዋለላት ውለታ እንዲህ ያለ ምላሽ ከመስጠት ጭራሽ ባይሰቀል ይሻላል ብላ ወስናለች።

«ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሪው፤ በእኛ ጊዜ እንደዚያ ነበር የምንነሳው» አለች።

ልጅት ላለመከራከር አዞረችው። አባት ዓይኑ ተጨፈነ፣ እንባው ኮለል አለ።

«ሎሚ የመጠጠ ሰው መሰለ» አለች ልጅት።

«ከዛፉ ሥርስ?»

ከዛፉ ሥር ደግሞ በቅጠሉ መሃል የሾለከው ፀሐይ ፊቱን ዥንጉርጉር አደረገው። «ነብር ሆንክ አባዬ፤ ተነስ።» በመጨረሻ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥታ አስቀመጠችው። «ፀሐይዋ ከኋላ ሽበቱን ታብራልኝ፤ ፊቱን እኔ በፍላሽ አወጣዋለሁ።» ከእሱ ትንሽ በስተጎን መሬት ላይ ጡብ አኖረችና «እማዬ፣ ብረቱን ይዘሽ እዚህ ቁሚ፤ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለች።

ፍላሹ ቦግ አለ። እናት የባሏን ደረት አየች። ይተነፍሳል። ለማንኛውም ብላ ብረቱን ከነከረጢቱ ጎትታ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ቦግ ሲል እንደገና አየችው፤ እንደገና ሸሸች።

ልጅት ካሜራዋን እያየች ግንባሯን ቋጠረች። «ምን ነክቶት ነው? ይጨልማል።» የፍላሹን ኃይል ጨመረች፤ አነሳች፤ አሁንም ጨመረች። ከዚያ «ይኸው፣ መጣ» ብላ ለእናቷ አሳየቻት።

አንዱ ጉንጭ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ጉድጓድ። ያ የግድግዳው ሰውዬ የባሏን ሸሚዝ ለብሶ የመጣ መሰላት።

«አጥፊው።»

«ለምን? ጥሩ እኮ ነው፤ ግርማ አለው።»

«አጥፊው አልኩሽ! ግርማ ምን ያደርግላታል እዚያ ለምትቀመጠው?»

«አንቺ ዘንድ መቼ ደህና የሆነ ሰው አለ?» አለች ልጅት ከፍቷት።

አባት ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ከመጣላታችሁ በፊት ጡቡን እዪው። እናትሽ ትንሽ ብትቆይ ጎረቤት ልትገባ ነበር።»

ልጅት ዞር ስትል እናቷ ከጡቡ ርቃ አጥሩ ሥር ደርሳለች። «እማዬ?»

እናት አፈረች። «ልቡን ቢያስደነግጠውስ ብዬ ነው። ገና አዲስ ስፌት ነው።»

«ልቤን ያስደነገጥሽው ድሮ ነው» አለ ባል፤ «ያውም ያለ ፍላሽ።»

ልጅት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ እማዬ። ብርሃን ብቻ ነው፤ ምንም አይሆንም ብሎኛል። እኔስ የማን ልጅ ነኝ? ሳልጠይቅ የማመጣው ይመስልሻል?» አለች።

እናት ልጇን አየቻት። በዚህ ጭንቀቷ ዓለም ላይ ብቻዋን የሆነች ይመስላት ነበር።

«አሁን ነይ፣ ተጠጊ። ስትርቂ ጃንጥላው ለፊቱ ትንሽ ይሆንና ብርሃኑ እንደ ባትሪ ይወጋዋል። ስትቀርቢ እንደ ሰፊ መስኮት ይሆንለታል፤ ጎድጓዳውም ውስጥ ይደርሳል። ከጡቡም እለፊ፤ ከዓይኑ ትንሽ ከፍ፣ ወደ ፊት ለፊቱ መለስ አድርጊው።»

እናት ቀረበች። እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። ልጅት የፍላሹን ኃይል ቀነሰችው።

«አባዬ፣ ወደ እኔ!»

አላያትም። ጃንጥላውን ሁለት እጇ እስኪዝል ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ የቆመችውን ሚስቱን ነበር የሚያየው። ልጅት መጣራቷን ትታ አነሳችው።

ጉንጩ እንደጎደጎደ ነው፤ አልተደበቀም። ግን ብርሃኑ ለስልሶ ገብቶበታል፤ ዓይኑም ውስጥ ሁለት ትንንሽ ነጫጭ ጃንጥላዎች ይታያሉ። ከስቷል እንጂ ታሟል አያሰኝም። እናት ብዙ አየችው። «ተመስገን» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ሲስተር ፎቶውን በሰቀለችበት ጠዋት ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት ነበረች። የወንድ ጫማ በፌስታል ጉልበቷ ላይ ይዛለች። እናት ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያት ጀመር። የሴትዮዋ ዓይን ከፊት ወደ ፊት ሲሄድ ቆይቶ አናጢው ላይ ቆመ። ቶሎም አልተነሳ።

«ይሄ ሰውዬ» አለች ለማንም ሳይሆን፤ «እንዲህ የሚያየው ማንን ይሆን?»

«ጃንጥላ የያዘች ፈሪ ሴትን» አለች እናት። «ሚስቱን ነው። እኔን። እሱ ይኸው ታች ከዘበኛው ጋር ወሬ ይዟል፤ ብጠራው አልመጣ አለኝ።»

ሴትዮዋ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ቦታ ለቀቀችላት። እናትም ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።