አራተኛው የጠፈር ጣቢያ

ከጥልቅ ጠፈር ጋር የሚነጋገሩ ታላላቅ ጣቢያዎች በዓለም ላይ ሦስት ቦታ አሉ ይባላል፤ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ስፔን፣ አንዱ አውስትራሊያ። አራተኛው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ፣ የእኔ ሱቅ ጣሪያ ላይ ነው። ስሜ ከተማ ይባላል፤ ዲሽ እተክላለሁ። ሦስቱ ስለ እኔ እስካሁን አልሰሙም። እኔም አላሳወቅኋቸውም፤ ሰው በሥራው ይታወቅ ብዬ።

የዲሼ ስፋት ሦስት ሜትር ነው። ለሰው ስናገር ሰባት እለዋለሁ፤ ከሥሩ ቆሞ ላየው እውነትም ሰባት ይመስላል። ጎረቤቴ ሬዲዮ ጠጋኙ ሙርሺድ ግን «የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ» ይለዋል። ምቀኛ ነው።

ቡና ገበሬው ጋሽ አብዱልሃዲ የቡ ከምትባለው የገጠር መንደር የመጡት መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። በየዓመቱ ቡናቸውን በእሸቱ ለነጋዴ ይሰጡ ነበር። ዘንድሮ ቀዩን ለቅመው ራሳቸው የሽቦ አልጋ ላይ ሊያደርቁ ቆርጠዋል። ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ የዓመት ልፋታቸው ደግሞ ያ ብቻ ነው።

«ጣቢያህ ዝናቡን ከላይ ያየዋል አሉኝ። ሐቅ ነው?»

«ጋሼ፣ ደመናው ራሱ ሳያውቅ አውቀዋለሁ።»

«ወላሂ?»

«ስልክዎን ብቻ አይዝጉ።»

ውሸት አልነበረም፤ ትንሽ ነፋሁት እንጂ። ከባድ ደመና ሲመጣ ሲግናል እንደሚወርድ ዲሽ የነካ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሰሞን ዝናቡ የሚመጣው በእኔ በኩል አልፎ ነው፤ የቡ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የሲግናል መለኪያውን አያለሁ፣ እደውላለሁ፣ እሳቸው ቡናውን ላስቲክ ያለብሳሉ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስት ጊዜ ዘነበ። የቡ ላይ ስሜ ከወረዳው አስተዳዳሪ በላይ ሆነ።

በመስቀል ሰሞን ሱቄን አራት አምስት ቀን መዝጋት ልማዴ ነው። ዘንድሮ ለቡናው ስል በበዓሉ ማግስት ከፈትኩ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሲግናሉ ወረደ፣ ወረደና ዜሮ ገባ። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ አወራረድ አላየሁም።

«ይሸፍኑ!» አልኩ ደውዬ። «የኖኅ ዘመን ዝናብ ነው የሚመጣው!»

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሰማዩ ላይ የጥፍር ያህል ደመና የለም።

ሙርሺድ በሩ ላይ ቆሟል። «ምነው ከተማ፣ ጃንጥላ ሳትይዝ?»

ከስምንት ደቂቃ በኋላ ሲግናሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሰ። ድሮ ኮርስ ላይ የሰማሁት ያኔ ትዝ አለኝ፦ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ትቆምና ዲሹን ታሳውረዋለች። እኛ ጋ አንደኛው የሚውለው መስቀል ላይ ነው፤ የመጋቢቱን ልብ ብዬው አላውቅም። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰሞን ሥጋ ላይ ነበርኩ።

እርጥብ ቡና በጠራራ ፀሐይ ላስቲክ ሥር ከታፈነ ይቀቀላል። ደወልኩ፤ አይነሳም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ሞተሬን አስነስቼ የአርባ ደቂቃውን መንገድ በአሥራ አምስት ጨረስኩት። መንገድ ላይ «ዝናቡን መለስኩልዎት» የሚል ቆንጆ ነገር አዘጋጀሁ።

ጋሽ አብዱልሃዲ ከስድስቱ አልጋዎች አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል። ላስቲኩን ነፋስ እንዳይገልጠው ኮታቸውን ጭነውበታል፤ ስልኩ የኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ልጃቸው ዙቤይዳ በላብ ተዘፍቃለች።

«አባ፣ ማሎ፣ እባክህ እንግለጠው!»

«ከተማ ተናግሯል» አሏት።

ከላስቲኩ ሥር የኮመጠጠ ሽታ ይወጣል። ያዘጋጀሁትን ተውኩት።

«ይግለጡት ጋሼ። ዝናብ የለም፤ ተሳስቼ ነው።»

«ጣቢያውስ?»

«ጣቢያ የለም። ዲሽ ነው፤ ሦስት ሜትር።»

ኮታቸውን ከላስቲኩ ላይ አነሱ። ሦስታችን ላስቲኩን ገፈፍን፤ ቡናውን ስናገላብጥ ዋልን። አራቱ አልጋ ተረፈ። የሁለቱ ሸትቶ ስለነበር ለብቻው ተለየ።

ቡናው ደርቆ እስኪነሳ መደወሌን አላቋረጥኩም። እሳቸውም ያነሳሉ። ስነግራቸው ግን ወደ ደጅ ሲወጡ ኮቴያቸው ይሰማኛል፤ ቆም ይላሉ። ከዚያ «ኤዬ፣ አዎ፣ ሰማዩ ጠቁሯል» ይሉኛል፤ ወይም «የለም፣ ተወው»።