ከሴት መቆሚያ በላይ

"ልጄ የተቀበረበትን፣ ያላስወጣችሁኝን ዳገት ዛሬ ለጣሊያን በቅሎ ውኃ አዝዬ ልውጣው?" አለች ንግሥቴ።

የጠየቀችው ክንዱን ነው። የሰፈር ልጅ ነው፤ አሁን ባንዳ ሆኖ አለንጋ ይዟል። ከምንጩ ዳር የተቀመጡትን ሴቶች ዞረና "ተነሡ እንጂ! አለቃችን ሹምባሹ ከላይ በመነጽር እያየን ነው። እኔን ልታስገርፉኝ ነው?" አለ።

ሴቶቹ እንስራቸውን ሞልተው ጨርሰዋል፤ አንዷም ግን አልተነሣችም። ከቆንጥር አምባ ማርያም ገዳም ግርጌ ካለው ዋርካ አልፎ የሴት እግር ወጥቶ አያውቅም። የዋርካው ስም ራሱ ሴት መቆሚያ ነው። በኅዳር ማርያም ከቡሬም ከማንኩሳም ሰው ይመጣል፤ ወንዱ ይወጣል፣ ሴቱ ዋርካው ሥር ቆሞ ከበሮውን ከሩቅ ይሰማል። ቅዳሴው ሲያበቃ አንድ ቄስ መስቀልና ጠበል ይዞ ይወርዳል። የሴት ድርሻ ይኸው ነበር።

አልፋ የወጣች ምን እንደምትሆን ሁሉም ያውቃል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰው ሰው የሚያክሉ ድንጋዮች ተሰልፈው ቆመዋል። ድሮ አንዲት የባላባት ሚስት ማኅሌቱን ካልሰማሁ ብላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ደንገጡሮቿን አስከትላ ስትወጣ እዚያው በቆሙበት ድንጋይ ሆነው ቀሩ ይባላል። የፊተኛዋ ወገብ ላይ መቀነት የመሰለ ነጭ መስመር ይታያል። ንግሥቴ ይህን እየሰማች አደገች፤ እያመነችውም ኖረች።

በማመኗም ነው ልጇን ያጣችው። ባሏ ታከለ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ንዳድ ይዞት ሳለ ከዳንሁ ልጄን ለማርያም እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ። እርሷን አላማከራትም። ሲድን ንብረትን፣ ገና የወተት ጥርሱን የሚነቅለውን ልጅ፣ እጁን ይዞ ወጣና ብቻውን ወረደ። ከዚያ ወዲያ ንግሥቴ በየወሩ በሶ ትቋጥራለች፣ ዋርካው ሥር ለአባ ወልደ ሥላሴ ታቀብላለች፤ እሳቸው ይዘው ይወጣሉ። አንድ ቀን እንዲሁ ስታቀብል ከመነኩሴው ኋላ የቆመ አንድ ደብተራ "ለማን ነው? ለዚያ ለሟቹ ልጅ ነው?" አለ። የንብረት አርባው እንኳ አልፎ ነበር። እናት ከሰማች መጥታ ትጮኻለች፣ ገዳሙ ይታወካል ብለው ነው የደበቋት።

ዘንድሮ ደግሞ ጣሊያን አርበኛ ደብቃችኋል ብሎ መነኮሳቱን በተናቸውና አምባውን ምሽግ አደረገው።

"እኔስ ብወጣ ምን እሆን ይሆን?" አለች ዘይቱና። ከቡሬ ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ተይዛ የመጣች የጨው ነጋዴ ሚስት ናት፤ ከንግሥቴ ጋር የቆየ ጉርብትና አላቸው። "የእናንተ ማርያም የእስላም ሴትም ድንጋይ ታደርጋለች?"

"እሷም ሴት ናት፤ አንቺን ምን ታድርግሽ።"

"ባለቤቷ ሴት ሆና ሴት አይውጣ ያለው ታዲያ ማነው?"

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ንግሥቴ አልሳቀችም። ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንስራዋን አዘለችና ተነሣች።

"እኔ ልቅደም" አለች። "ድንጋይ ከሆንሁም ልጄ አጠገብ ነው የምቆመው።"

ዋርካውን አለፈች። ሌሎቹ ራቅ ብለው፣ እያማተቡ ተከተሏት። ድንጋዮቹ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ኮቴ ጠፋ። ንግሥቴ ፊተኛዋን ጠጋ ብላ እጇን መቀነቱ ላይ አሳረፈች። የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፤ የአሞራ ኩስ አለበት። ድንጋይ ነው። ቀዝቃዛ ድንጋይ።

ከኋላ ያሉት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እርሷ ግን ድንጋዩን ተደገፈች።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አለች ዘይቱና ደርሳባት።

"ለካ ዳገቱ ይወጣ ኖሯል።"

"እንዴት?"

"ያን ጊዜም ይወጣ ነበር! ልጄ እዚህ ታሞ ተኝቶ እኔ እታች በሶ ይዤ ስቆም፣ ይወጣ ነበር።"

"ተይ እቴ፣ ያን ጊዜ ብትወጪ መነኮሳቱ ይወግሩሽ ነበር።"

"ይውገሩኝ ነበራ! ልጄን አይቼ ይውገሩኝ!"

አምባው ላይ ያገኙት እንኳን ለሴት፣ ለወንድም አይሆንም። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ በቅሎ ታስሯል። በምሽጉ በር ላይ የቆሙት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ጥይት ትሰርቃላችሁ እያሉ የሚወጣውን የሚገባውን ነጠላ ያስራግፋሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ምሽግ ይቆፈራል። ያገሩ ገበሬ ነው የሚቆፍረው፤ ከአፈሩ ጋር የሚወጣውን አጥንት ዐይኑን እየሰበረ ወደ ጎን ይከምራል። ንግሥቴ ውኃዋን በርሜሉ ውስጥ ገልብጣ ክምሩን ስታይ ቆየች።

"ክንዱ፣ ይኸ መቃብር አይደለም ወይ?"

"ነበር።"

"አጥንቱንስ ምን ልታደርጉት ነው?"

"ማታ ገደል ይገባል። እኔ ምን ላድርግ እትዬ ንግሥቴ? አላዘዝሁትም" አለና ፊቱን አዞረ።

ለሁለተኛው ውኃ ሲወርዱ አባ ወልደ ሥላሴ ዋርካው ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው አብጧል፤ ሌላ መጠጊያ ስላጡ እዚያው ከዳገቱ ግርጌ ቀሩ። ንግሥቴ ይፍቱኝ ሳትል ፊታቸው ቆመች።

"አባ፣ የንብረት መቃብር የቱ ጋ ነው?"

ቀና ብለው አይዋት። "ወጣሽ?"

"ወጣሁ።"

"ድንጋዮቹስ?"

"ቆመዋል። ድንጋይ ናቸው።"

መነኩሴው አንገታቸውን ደፉ። "እኔም የተነገረኝን ነው የነገርኋችሁ" አሉ።

"እሱን አልጠየቅሁዎትም። ልጄ የት ነው?"

"ከቤተ ልሔሙ በስተጀርባ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር።"

"ጽድ የሚባል የለም። ቆርጠው አጥር አድርገውታል። ምን ምልክት አለው?"

"እንግዲህ ያ ጽድ ነበር ምልክቱ።"

ንግሥቴ ልትሄድ ዞረችና ተመለሰች። "በሶውን ማን በላው?"

"ልጆቹ በሉት። አብረውት የታመሙ ሌሎች ልጆች ነበሩ።"

"ዳኑ?"

"አልዳኑም።" መስቀላቸውን አንሥተው "ፍትሐቱ ደርሶለታል ልጄ። አጥንቱ የትም ቢወድቅ ነፍሱን አይጎዳትም" አሉ።

"የእኔን ይጎዳታል" ብላ ወደ ምንጩ ወረደች።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጡ ከፊታቸው ትሄድ የነበረች ሴት አዳልጧት እንስራዋን ሰበረች። እነንግሥቴ ሲደርሱ በሩ አጠገብ በደረቷ ተጋድማ ትገረፍ ነበር። ሹምባሹ በእግሩ ገሉን እየበተነ፣ ነገ ያለ እንስራ የመጣች እጥፍ ትቀምሳለች ይላል። ሴቶቹ እንዳላዩ ሆነው አለፉ።

ንግሥቴ ውኃውን ገልብጣ በቀጥታ ወደ ክምሩ ሄደች። ቁፋሮው ለምሳ ቆሟል። ተንበርክካ የራስ ቅሎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ታይ ጀመር። ጥርሳቸው ያለቀ የሽማግሌዎቹ ብዙ ናቸው፤ እነሱን ወደ ጎን አደረገች። ትንሽ የሆነው እሱ ነው ብላ ነበር የመጣችው። ትንንሾቹ ሦስት ሆኑባት።

ዘይቱና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። "የቱ ነው?"

"አላውቅም።"

"እስቲ ጥርሱን እይው።"

"ከእኔ ሲወስዱት የፊት ጥርሱ ገና አልበቀለም ነበር። ከዚያ ወዲያ የበቀለውን አላየሁትም።"

አንዱን አነሣች፣ አስቀመጠች፤ ሌላውን አነሣች። አፈሩን በአውራ ጣቷ ከዐይኑ ጉድጓድ ጠረገች። ልቤ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። ምንም አልነገራት። ስንት ዓመት በሐሳቧ ያሳደገችው ልጅ ቁመቱ የት እንደ ደረሰ፣ ግንባሩ እንዴት እንደ ሰፋ አታውቅም።

"አንዱን ያዥና እሱ ነው በይ" አለች ዘይቱና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ማን ይከራከርሻል?"

"ሁለቱስ?"

"የሁለቱም እናት ይኖራታል።"

"የታለች?"

ዘይቱና ዞር ዞር ብላ አየች።

"ውረዱ!" የሚል የክንዱ ድምፅ ከበሩ ተሰማ። "ሴቶች፣ ጨርሱ! ውረዱ!"

ንግሥቴ አንዱን ቅል አንሥታ እንስራዋ አፍ ላይ አደረገች። አልገባም። አዙራ ሞከረችው። የእንስራው አንገት ጠባብ ነው።

"በነጠላሽ ቋጥሪው" አለች ዘይቱና።

"ነጠላ ያስራግፋሉ።"

"እንግዲያ ተይው። ምን ይደረግ፣ ተይው በቃ።"

ንግሥቴ እንስራዋን ከጉልበቷ መካከል አቁማ ድንጋይ ፈለገች። ዘይቱና ገባትና እጇን ያዘች።

"አንቺ ሴት አብደሻል? ያችን ያደረጓትን አላየሽም?"

"አየሁ። እሷን ገረፏት እንጂ ገሉ ውስጥ ምን አለ ብሎ ያየ የለም።"

"ጀርባሽን ይልጡታል!"

"ልቀቂኝ።"

ዘይቱና ለቀቀቻት። ንግሥቴ የእንስራውን አንገት በድንጋዩ መታችው፤ አልሰበር አለ። ደግማ ስትመታው ከትከሻው ላይ ተቆርሶ ወደቀ። ሦስቱንም እያቀፈች አስገባቻቸው። በላያቸው ቅጠል ጎዝጉዛ እንስራዋን አዘለችና፣ አስካሪዎቹ አለንጋ ይዘው ወደቆሙበት ወደ በሩ ሄደች።