ሳይቀባ የቀረው ቦታ

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ከሶፋው ላይ አልነሳም አለ። አልነሳም ካለ አልነሳም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ ይዞ የተቀመጠን ሰው በመቀመጥ ማን ይችለዋል? ሚስቱ ነጩ ሳሎን ሞቅ ያለ የሸክላ ቀለም ይቀባ ብላ ወስናለች። ይሁን፣ ይቀባ። ግን ያ አሮጌ ሶፋው ከቀለሙ ጋር አይሄድም ተብሎ ዕቃ ቤት ሊወረወር ነው። ሥራ ካቆመ ወዲህ ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ የኔ የሚለው ነገር ያ ሶፋ ብቻ ነው። ዛሬ ሶፋው፣ ነገ እኔ ብሎ ፈራ። ታዲያ ማን አይፈራም!

«ኧረ ተነስ ሰውዬ፣ ቀቢው ቆሞ እየጠበቀህ ነው!» አለች ሚስቱ።

«ከዚህ የሚነሳው ሬሳዬ ነው!» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ግራ ትከሻውን ሰቅሎ፣ አንገቱን አዘንብሎ አኮረፈ።

ቀቢው በሰው ጠብ ውስጥ የሚገባ ሰው አይደለም። ቁምሳጥን ከከበደው ዙሪያውን ይቀባል፤ ማቀዝቀዣ አልነቃነቅ ካለው ዙሪያውን ይቀባል። «አይጨነቁ እትዬ» ብሎ ባልየውንም ከነሶፋው ዙሪያውን ቀባው። ጆሮው ጋ ሲደርስ ትንሿን ብሩሽ አንስቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንዲት ጠብታ ሳያስነካው አለፈ።

ምሳ ሰዓት ላይ ባልየውን ሽንት ወጠረው። ምን ያድርግ፣ ተነሳ። ለካ ግድግዳው ላይ አንድ ያኮረፈ ነጭ ሰው ቁጭ ብሏል!

«ጉድ ሠራኸኝ! እህቴ አሁን ልትመጣ ነው፣ በል ድፈነው!» ብላ ሚስትየው ቀቢው ላይ ጮኸች።

«ቀለሙ አልቋል እኮ እትዬ። የቀላቀልኩት በዓይኔ ነው፤ ድጋሚ ብቀላቅለው አንድ አይሆንም፣ እንደ ድሪቶ ያስታውቃል።»

ሥዕል ሰቀለችበት፤ አነሰ። መጋረጃ ጣለችበት፤ መስኮት በሌለበት መጋረጃ ምን ይባላል? በመጨረሻ ወደ ባሏ ዞረች።

«ና ተቀመጥ።»

«ሶፋውስ?»

«የምን ሶፋ! ማን ነክቶት!»

ባልየው ተቀምጦ፣ እንደ ቅድሙ ትከሻውን ሰቅሎ፣ አንገቱን አዘንብሎ ነጩን ቦታ ልክክ አድርጎ ሸፈነው። እህትየው መጣች። «ውይ ሲያምር! ቤቱ እንዴት ሞቀ!» እያለች ዞራ ሳትጨርስ ባልየው ውሃ ሊቀዳ ብድግ ሊል ሲል፣ ሚስቱ እጁን ለቀም አደረገችው።

«ወዴት ነው? አንተ ከተነሳህ እኮ ቤቴ ጎደለ!»

ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። ሆዱ ባባ። ደስታው ፊቱን ሞላው፤ ትከሻው ወረደ፣ አንገቱ ቀና አለ፣ በጆሮው በኩልም ነጩ ግድግዳ ብቅ አለ።

«አኩርፍ እንጂ!» አለችው ሚስቱ በሹክሹክታ፣ ለእህቷ ፈገግ እያለች። «ያንተ ያለህ! ዓመት ሙሉ ስታኮርፍብኝ ከርመህ ዛሬ ምን ነካህ?»

«እየሞከርኩ ነው የኔ እመቤት» አለ። ግን ምን ያድርግ፣ ሳቁ አላስቻለው።