ጋሽ ቢቂላ እጅ ሲዘረጉ

ጂሬኛን ጭሮ ከተማ ውስጥ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ ያውም በክፉ። ምን አደረገ ብትሉ፣ ምንም። በ2007 ዓ.ም. ከተማው ውስጥ አንዲት ድሮን ብቻ ነበረች፣ እሷም የእሱ ነበረች፤ ሰርግ ከላይ እየቀረጸ ይኖራል። ቦርደዴ ላይ አንድ ሰርግ ሲቀርጽ እትዬ እቴነሽ ጠጋ ብለው «እንዴት ዋልክ ልጄ?» አሉት። እሱ ሆዬ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል «እሺ፣ እሺ» አላቸው። በቃ፣ ጉድ ፈላ። የሚመለስበት ሚኒባስ ጭሮ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ገባ፤ ሰላምታ የማይመልስ፣ ታላቅ የማያከብር፣ አንጋጦ የሚሄድ ትዕቢተኛ ተባለ።

ከቦርደዴ ሰው ሁሉ መርጦ ያስቀየመው ደግሞ የጋሽ ቢቂላን እህት ነው። ጋሽ ቢቂላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዚያም በላይ የትዕምርት አባት ናቸው። ትዕምርትና ጂሬኛ ከተዋደዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አማላጅ ሊልክም ቀን ቆርጦ ነበር። ጋሽ ቢቂላ ግን «እህቴን ሰላም ያላለ ሰው የላከው ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ደግነቱ የትዕምርት ታላቅ እህት ጸሎት በጥር ልታገባ ሆነና «ድሮን የሌለበት ሰርግ አልፈልግም» ብላ አኮረፈች። አባት እየመረራቸው ጂሬኛን አስጠሩት። በዋዜማው ትዕምርት ደወለችለት።

«አባዬ ነገ ሰው ፊት ሊፈትንህ ነው። እጁን ሲዘረጋልህ ጎንበስ ብለህ በሁለት እጅህ ጨብጥ። እስኪለቅህ እንዳትለቀው!»

«ድሮኗስ?»

«የምታገባው ድሮኗን ነው እንዴ?»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጤነኛ ድሮን ሪሞቷን ሲለቁት አየር ላይ ባለችበት ትቆማለች። የጂሬኛዋ ግን ሚኤሶ ላይ ከመብራት ሽቦ ጋር ከተላተመች ወዲህ ይህን ጨዋነት ትታዋለች፤ ለአፍታ ከዘነጓት ነፋስ ወደ ነዳት ትሄዳለች። ስለዚህ ጂሬኛ ሥራ ላይ ሲሆን አያወራም፣ አይስቅም፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ እሽ አይልም። አገሩ ትዕቢት ብሎ ስም ያወጣለት እንግዲህ ይኼንን ነው።

በሰርጉ ቀን ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መዘምራኑ በጭብጨባ ተቀበሏቸው። የሰርጉ መኪኖች ዋናውን መንገድ ዘግተውት ጫት የጫነ አንድ አይሱዙ አጥሩ ሥር ቆሞ በጡሩምባ ያብዳል። ለአምቡላንስ የማይቆም መኪና ያን ቀን ለሰርግ ቆመ። ጂሬኛ ሪሞቱን በማንገቻው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ድሮኗን ከጣሪያው በላይ አውጥቶ ይቀርጻል። ይኼኔ ጋሽ ቢቂላ በሙሉ ልብሳቸው፣ ሌሎቹን ሽማግሌዎች አስከትለው መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ጂሬኛ! አካም ጂርታ?»

ጂሬኛ እጃቸውን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ሪሞቱን ለቀቀና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠ። ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ ሰማይ አያይም፤ የሚያየው የጋሽ ቢቂላን ጫማ ነው። ጫማው አምሮባቸዋል።

«ማቲን ነጋ ዳ? ቤተሰቡ ደህና ነው? እናትህስ?»

«ደህና ናቸው፣ ገለኒ ዋቃፍ፣ ይመስገን።»

«አጎትህስ? ሚኤሶ ዘነበ? ከብቱ እንዴት ነው?»

ሪሞቱ ደረቱ ላይ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ።

«ምንድነው የሚጮኸው?»

«ምንም አይደል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያማ ጥሩ። የአጎትህ ጉልበትስ ተሻለው?»

ምንም አይደል! ባትሪዋ ሊያልቅ የደረሰ ድሮን ነፋሱ እየገፋት አጥሩን ተሻገረች፤ ከዚያም እንደ ድሮን ልማድ በራሷ ቀስ ብላ ወረደችና የአይሱዙው ጫት ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። በዚያው ቅጽበት መንገዱ ተከፈተና አይሱዙው ተፈተለከ። ጂሬኛ ስለ አጎቱ ጉልበት ተናግሮ፣ ተመርቆ ቀና ሲል፣ ሰማዩ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ቢቂላ ቤት ተጠራ። እንግዳው ገና አልተበተነም፤ እትዬ እቴነሽም ሶፋው ላይ ተሰይመዋል።

«የልጄን ሰርግ አየር ላይ በትኖ ሰው የሚጨብጥ ወንድ» አሉ ጋሽ ቢቂላ፣ «ሌላዋን ልጄን አደራ ብሰጠው እንዴት አድርጎ ሊይዛት ነው?»

ጂሬኛ በንዴት በገነ። ባይጨብጥ ባለጌ፣ ቢጨብጥ ዝርክርክ! ወጥቶ ሊሄድ ሲነሳ በር ተንኳኳ። የአይሱዙው ሹፌር በድሪ ነው፤ ድሮኗን እንደ ሕፃን ታቅፏታል።

«ሚኤሶ ላይ ጫት ሳራግፍ አገኘኋት። ወላሂ፣ አንድ ቁልፍ አልነካሁም!»

ቀረጻው ያለበትን ካርዷን አውጥተው ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈቱት። መጀመሪያ ሙሽሮቹ ታዩ፣ ቤቱ እልል አለ። ቀጥሎ ሁለት የተጨባበጡ ሰዎች፣ አሁንም የተጨባበጡ ሰዎች። ከዚያ ካሜራዋ ጫቱ ላይ ሆና ወደ ኋላ እያየች መንገድ ጀመረች። ባጃጆቹ ራቁ። በአስፋልቱ መሐል ሮዝ ቀሚስ የለበሰች ሚዜ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ «አቁም! አቁም!» እያለች መኪናውን ታሳድዳለች። ከእሷ ኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሁለቱ ሰዎች አሁንም አልተላቀቁም።

«ያቺ ሯጭ የማን ልጅ ናት?» አሉ እትዬ እቴነሽ እያወቁ። «አንተ ቢቂላ፣ ምነው ልጁን ብትለቀው ኖሮ?»

ትዕምርት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ቢቂላ ጉሮሯቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉ።

«እሑድ ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉት። «በጭሮ አስፋልት በባዶ እግሯ አይሱዙ ያባረረችን ልጅ፣ ከአንተ ሌላ ማን መጥቶ ሊጠይቀኝ ነው?»

እጃቸውንም ዘረጉለት። ጂሬኛ ከመጨበጡ በፊት ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ።