የትኛው ነው አዲሱ?

"ስክሪኑ ጠፍቷል አይደል?" አለ ዮሲ፣ ቀዩ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሲፒዩውን ክዳን እየፈታ።

"ጠፍቷል። በላዩም ሻሽ ጣል አድርጌበታለሁ፤" አለች ሪሃና ከደጅ። "አንተ ብቻ ቶሎ በል። ሐጃ ዘይነባ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።"

"እኔ ምንም አልሆንም፤" አሉ ሐጃ ዘይነባ። "ግን ልጄ፣ ሻሹን እንዳትነካው አደራ።"

"ኧረ አልነካም፣ ሐጃ።"

ቢነካውም የሚያየው ነገር አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ከመብራት ተነቅሏል። ይሁንና አደራው አደራ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው የሐጃ ዘይነባ ሁለተኛ ልጅ የሰርግ ፊልም ነው፤ ያውም የሴቶቹ ክፍል። ሴቶቹ ለብቻቸው ሆነው፣ ፀጉራቸውን ገልጠው የሚዘፍኑበትንና የሚጨፍሩበትን ሰዓት ጀጎል ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ በወሬ ብቻ ነው የሚያውቀው። የሪሃና እጅ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ካሜራውን የምትይዘው እሷ፣ የምትቆርጠውና የምትቀጥለው እሷ፣ ሲያልቅም ለሙሽራዋ እናት በእጅ የምታስረክበው እሷው ናት። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ እንኳን ወደ ጥገና ሱቅ አይወጣም። ዮሲ ራሱ ፈላና በር ካለው የኮምፒውተር ዕቃ ሱቁ ዕቃውን በቦርሳ ይዞ ይመጣል።

ዘንድሮ ኮምፒውተሩ በክፉ ጊዜ ነበር የሰነፈው። ከረመዳን ወዲህ ጭፈራው ላይ ሲደርስ ምስሉ ይንተባተባል፣ ከዚያም ቀጥ ይላል። የሸዋል ወር ገብቶ ሰርግ በሰርግ ላይ ሲደራረብ የሪሃና ሥራ ወደ ኋላ ቀረ። ሐጃ ዘይነባ ደግሞ ለቅሶ ቤት ይሁን ገበያ፣ "አዲስ ካርድ" የሚባል፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገጠም ነገር ምስሉን እንደ ውሃ እንደሚያስኬደው ሰሙና መጥተው፣ "ግዢው፣ ቀብዱን እኔ እሰጣለሁ" አሉ። ሪሃና ግን፣ "በዓይኔ ሳላይ አልገዛም" አለች።

ፈተናውን ያወጣችውም እሷ ናት። ዮሲ የእሷን ካርድና አዲሱን ተራ በተራ ይገጥማል፤ የትኛውን እንደገጠመ ግን አይናገርም። ከዚያ ወጥቶ ግቢ ይቆማል። ሁለቱ ሴቶች ገብተው ያንኑ ጭፈራ ያያሉ፣ ያንኑ ቁራጭ ፊልም ሬንደር አድርገው፣ ማለትም ያለቀለት ፊልም አድርገው፣ ያወጣሉ፣ የተሻለውንም ይናገራሉ።

"ኮምፒውተሩ እኮ የካርዱን ስም ይነግርሻል፤" ብሏት ነበር ዮሲ። "አንድ ቦታ መጫን ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ። ወላሂ አላይም።"

ዮሲ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ተደነቀ። ስንት ዓመት ዕቃ ሲሸጥ እንዲህ ያለ ፈተና አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። እሱ የሚያውቀውን እነሱ አያውቁም፤ እነሱ የሚያዩትን እሱ አያይም። ማን ማንን ያታልላል?

እሱ እንኳ ፈተናው ቢቀርለት ደስ ይለው ነበር። ሦስት አዲስ ካርዶች ከአዲስ አበባ ያመጣው ሚስቱ ትዕግሥት ፍሪጅ ልትገዛበት ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ትዕግሥት በሱቁ በር ላይ ጁስ ትሸጣለች፤ ባለ መስታወት ፍሪጅ ካላት ፓፓያዋ እስከ ማታ አይበላሽባትም፣ በረዶም ከሰው አትለምንም። ዮሲ፣ "ሦስቱን ካርድ ልሽጥና ፍሪጁን ከነትርፉ እገዛልሻለሁ" ብሎ አግባባት። የዚያን ዕለት እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቀችው።

"አዲስ የሆነው ካርዱ ነው ወይስ ሣጥኑ?"

"ሰማይና ምድር ነው ልዩነቱ!" ብሎ መለሰላት። አልሞከረውም። ፋብሪካው የቀድሞውን "አሻሽዬዋለሁ" ብሎ በሌላ ቁጥር ሲያወጣው፣ ዮሲ ያነበበው ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ነበር። አሁን አንዱን ሪሃና፣ ሁለቱን ደግሞ ኤረር በር ጌም ቤት ያለው ዓሊዪ ከወሰዱለት ነገሩ ያልቃል። ዓሊዪ ከሰዓት እመጣለሁ ብሏል። ትዕግሥትም ጠዋት ሱቁን ስትጠርግ የእንጨት ዱካውን ወደ ደጅ አውጥታ የፍሪጁን ቦታ አስለቅቃ ነበር።

ዮሲ የሪሃናን ካርድ ፈትቶ ወደ ብርሃን አወጣው። ከሁለት ዓመት በፊት ራሱ ነው የሸጠላት። ካርዱን የሚያቀዘቅዘው ፋን አይታይም፤ ለበዓል ወለሉ ቀይ በተቀባ ቁጥር የተነሳው ብናኝ ሁሉ እዚያ ገብቶ እንደ ጭቃ ተጋግሯል።

ይህን ጊዜ ብልህ ነጋዴ ቢሆን ካርዱን ከነአቧራው መልሶ ይገጥመው ነበር። ዮሲ ግን አመል አለበት፤ ቆሻሻ ነገር በእጁ ይዞ እንዳለ መመለስ አይሆንለትም። ሳያስበው ብሩሹን ከቦርሳው አወጣ። ቀዩን አቧራ ከፋኑ ክንፎች ሥር ፈልቅቆ አወጣ፣ ሙቀት የሚያስወጣውን የደረቀ ፔስት ጠርጎ አዲስ ቀባ፣ ፋኑን በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ያለ ድምፅ ዞረ። እንዴት ያለ ዕቃ ነው! በዚያ ሁሉ አፈር ታፍኖ ስንቱን ሙሽራ ሲድር ኖሯል። ዮሲ ሊስመው ምንም አልቀረው።

ምን እንዳደረገ የገባው ካርዱን ከጠረገ በኋላ ነበር። ቢሆንም መጀመሪያ የገጠመው እሱን ነው።

"ግቡ፤" ብሎ ወጣ።

በሩ ተዘጋ። ዮሲ ግቢው ውስጥ አረንጓዴ የተቀባው ግድግዳ ጥላ ሥር ቆመ። ከውስጥ ከበሮ ተሰማ፣ የሴቶች ዜማ ተከተለ። ምስሉን ማየት ባይፈቀድለትም ድምፁን መስማት ማንም አልከለከለውም። ምስሉ ሲቆም ከበሮውም እንደሚቆም ያውቃል። ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ። ጭብጨባው ፈጠነ፣ እልልታው ከፍ አለ። ከበሮው አልቆመም።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ሐጃ ዘይነባ ከውስጥ። "ሄደ እኮ! እጇ ላይ ያለውን ሂና ሳይቀር አየሁት! በቃ፣ አዲሱ ይኼ ነው። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ልጁን ሒሳቡን ስጪውና ይሂድ።"

በሩ ገርበብ አለና ሪሃና ወጣች። ፊቷ በርቷል።

"ሐጃ ፈርደዋል። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳን አልቆመም። አዲሱ ነው አይደል?"

ከዮሲ የሚፈለገው ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነበር። ገብቶ "ብሎኑን ላጥብቀው" ቢልና አዲሱን ቢገጥምላት ማንም አያውቅም። አዲሱም ካርድ እኮ የውሸት አይደለም፣ ደህና አድርጎ ያገለግላታል። ማንም አይጎዳም። ዮሲ ግን ራሱን ያውቃል፤ "ማንም አይጎዳም" ማለት የሚጀምረው ሊዋሽ ሲል ነው።

"ስሙን አላየሽም?" አላት።

"አላይም ብዬህ የለ?"

አላየችም። አንድ ቦታ መጫን ብቻ ነበር፤ እሷ ግን አልነካችውም። እሱም ሻሹን አልነካም።

"ያንቺው ነው፤" አለ።

"ምኑ?"

"ካርዱ። የድሮው። አቧራውን ጠርጌለት ነው።"

ሪሃና አፏን በእጇ ይዛ በሳቅ ፈረሰች። ወደ ውስጥ ዞራ፣ "ሐጃ፣ የድሮው ነው አሉ!" ብላ ጮኸች።

"ታዲያ ምን አደረገው?"

"ጠረገው!"

"ብቻ?"

"ብቻ!"

"እንግዲያው ጉልበቴንም እንደዚያው ይጥረግልኝ በይው!"

ሦስቱም ሳቁ፤ ዮሲ ግን እየሳቀ የፍሪጁን ዋጋ ያሰላ ነበር። ሪሃና እንባዋን ጠርጋ፣ "ሁለተኛውን ግን እናያለን። ጀምረን አንተወውም" አለች። እሱም ገብቶ አዲሱን ገጠመ። ካርዶቹ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ሳያንገራግር ተቀበለው። ከበሮው እንደገና ተመታ፣ ዜማው እንደገና ወጣ፣ ሐጃ ዘይነባም እንደ ቅድሙ ሙሽራዋን ልጃቸውን ባዩ ቁጥር "ማሻ አላህ" እያሉ አዳመቁት።

በኋላ ሪሃና በእጇ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ወጣችና ሰጠችው።

"ለዓይን ልዩነት የላቸውም። ሐጃ 'ያንኑ ደግመሽ አሳየሽኝ' ብለው ሊቆጡ ነበር። ፊልሙን ሲያወጣው ግን አዲሱ ይቀድማል።"

"በምን ያህል?"

"ያንን ስኳር እስክታማስል ድረስ።"

ዮሲ ብርጭቆውን አየና ማንኪያውን አቆመ።

"ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤" አለች። "ብልጫ አለው፣ መዋሸት አይገባም። ካርድ የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ ይህን ግዛ ነው የምለው። እንደኔ የፊተኛው ያለውን ሰው ግን፣ አውጥተህ ጣለውና ይህን ግዛ አልለውም። አንተስ ትለዋለህ?"

ዮሲ ለደንበኛ ሁሉ ጮክ ብሎ ሲያወራ የከረመበትን ነገር፣ ይህች ሴት በአንድ ጠዋት መርምራ፣ የአዲሱንም ክብር ሳትነካ፣ የአሮጌውንም ሳትጥል በልኩ ነገረችው። እንዲህ ያለች ሰው የሠራችውን ፊልም ማየት አለመቻሉ አስቆጨው።

የድሮውን መልሶ ገጠመላት። የጽዳቱን ሒሳብ አልቀበልም ሲል፣ "አቦ ያዝ! ጉልበትህ ነው" ብላ ኪሱ ከተተችለት። ሐጃ ዘይነባም ከበሩ ላይ፣ "አላህ ይባርክህ ልጄ፣ ሱቅህን ይሙላልህ" ብለው መረቁት። እሱ ይመኝ የነበረው ዕቃው ተሸጦ ሱቁ እንዲጎድል ነበር። "አሜን" ብሎ ሣጥኑን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ፈላና በር ሲደርስ ትዕግሥት ፓፓያ እየላጠች ነበር። ሣጥኑን አየችው።

"አልተሸጠም?"

"አልተሸጠም።" የሆነውን ሁሉ ነገራት። የሐጃን የጉልበት ቀልድ ስትሰማ ሳቀች፤ ያስለቀቀችው ባዶ ቦታ ላይ ዓይኗ ሲያርፍ ግን ሳቋ ጠፋ።

"እና ልዩነቱ ምን ያህል ሆነ?"

"ሻይ የማማሰል ያህል።"

"አንተ ሰማይና ምድር ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬ ነበር።" ዮሲ አፈረ። ብትጮህበት ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ፓፓያዋን መላጥ ቀጠለች።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ዓሊዪ ዘሎ ወረደ። ገንዘቡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ይዟል።

"አቦ ዮሲ! ሁለቱን አውርድልኝ፤ ልጆቹ ቤቱን ሞልተው እየጠበቁኝ ነው።"

"የድሮዎቹ ምን ሆኑ?"

"ይግላሉ አቦ። ልጁ ኳሷን ወደ ጎል ሊመታ ሲል ጌሙ ቀጥ ይላል። ከዚያ ጠብ ነው። የሚወስዳቸው ሰው ካለ ስጥልኝ፣ ወላሂ ዓይኔ እንዳያያቸው።"

"ተጠርገው ያውቃሉ?"

"ሰውዬ፣ የሚጠረገው ቤት ነው!"

ዮሲ እጁ ሣጥኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ሪሃና እንኳ ሳልፈትን አልገዛም ብላዋለች፤ ዓሊዪ ግን ምንም አልጠየቀም። ገንዘቡን ይዞ፣ አምኖ፣ ተጣድፎ ነው የመጣው። ዮሲ ወደ ሚስቱ ዞረ። ትዕግሥት ቢላዋዋን አቁማ ታየዋለች። ምን እንዳሰበች ከፊቷ ሊያነብ ሞከረ፣ አልቻለም።

"አንዱን የድሮ ካርድ አምጣልኝ፤" አለ በመጨረሻ። "እጠርግልህና እንሞክረዋለን። ካልረካህ እነዚህ እዚሁ አሉ፣ ትወስዳቸዋለህ።"

"ገንዘብ ይዤ መጥቼ?"

"ገንዘብህን ያዘው።"

ዓሊዪ አፉን ከፍቶ ቀረና ወደ ትዕግሥት ዞረ። "ትዕግሥት፣ ባልሽ ደህና ነው?"

ትዕግሥት እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ጠዋት ወደ ደጅ ያወጣችውን ዱካ አነሳች፣ ለፍሪጁ ባስለቀቀችው ቦታ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

"ካርዱን ባለ ባጃጁ ያምጣልህ፤" አለች። "አንተ እዚህ ቁጭ በል። ጽዳቱ ጊዜ ይወስዳል።"